ዛፍ ላይ ያለ ልጅ አይጠራም

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ጎረቤት ማማቴን፣ በጾም ሰዓቱ ሳይደርስ መቅመሴን፣ ጉሊቴ ላይ የበሰበሰውን ቲማቲም ከሥር አድርጌ መሸጤን፣ ሁሉንም ተናግሬ ቀኖናዬን ተቀብዬ ሰግጃለሁ። ይሄኛውን ግን አልተናገርኩም። አፌ ላይ ደርሶ ያውቃል። ተንበርክኬ፣ መስቀሉ ፊቴ ላይ ሆኖ፣ «ሌላስ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም አባ» ብዬ ተነስቻለሁ። ለባሌም አልነገርኩም። እናቴም ሳልነግራት ሞተች።

እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ መናገሩ ይቅለለኝ። እኔ የገዛ ልጄን ከዛፍ ላይ ጎትቼ ጣልኩ። እጇን ሰበርኩ። ከዚያ ሌላ ሰው ነው የጣላት አልኩ። ይሄም አልበቃኝም፣ በልጄ ማልኩ። ያቺ ሌላ ሰው አስተማሪዋ ነበረች። ሥራዋንም ስሟንም በእኔ አፍ አጣች።

የተማርኩት ጥቂት ነው፣ አጻጻፌን አትዩብኝ። ነገሩን ከመነሻው ልያዘው።

ማህሌትን የወለድኳት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው። ከሷ በፊት የነበሩት አልቆዩልኝም፤ አንዱ በሆዴ፣ አንዱ ክርስትና ሳይነሳ። ሰው «መካን ናት» ማለት ጀምሮ ነበር። ሀና ማርያም ሄጄ ተሳልኩ። «አንድ ብቻ ስጪኝ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ» አልኩ። ሰጠችኝ። እጠብቃታለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም።

እንዴት ጠበቅኳት? አፈር አላስነካኋትም። ዳዴ ስትል ሥሯ ጨርቅ አነጥፍ ነበር። መራመድ ችላ እንኳ ከጀርባዬ አላወርዳትም፤ ጉሊት ስቀመጥ በነጠላዬ ጫፍ ወገቤ ላይ አስራት ነበር። የምንኖርበት ሰፈር ድሮ ማሳ ነው አሉ። እኛ ስንገባ ግን ቀኑን ሙሉ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ይመላለስበታል፣ ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ አለ፣ ለሕንፃ ተቆፍሮ ውሃ የሞላ ጉድጓድ አለ። መፍራቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን እኔ ገልባጩንም ፈራሁ፣ ጉድጓዱንም ፈራሁ፣ ደረጃውንም፣ የጎረቤት ድመቷንም፣ ካፊያውንም ፈራሁ። ሁሉን እኩል የሚፈራ ሰው የቱ እውነተኛ አደጋ እንደሆነ ይጠፋበታል። ይሄን ዛሬ አውቃለሁ። ዛሬ ማወቄ ምን ይሠራል?

አከራያችን አዴ ጫልቱ ይባላሉ። የአገሩ የድሮ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ መሬታቸውን ከተማው ቢበላውም ከቤታቸው ጀርባ ዛሬም ላም ያልባሉ። እኔን ሲያዩ ይስቁብኝ ነበር።

«አንቺ ዘነበች፣ ይቺ ልጅ እንቁላል ናት እንዴ? እስከ መቼ ልትታቀፊያት ነው? ትፈለፈልብሻለች እኮ!»

«ይተዉኝ አዴ። እርስዎ ግቢ ሙሉ ወልደው ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላ አለዎት።»

«ተይ እንዲህ አይባልም! ሁሉም ወድቀዋል፣ ሁሉም ተነስተዋል። መውደቅ ያልለመደ ልጅ ነው መጀመሪያ የወደቀ ቀን የሚሰበረው።»

ስቄ አለፍኩ። ልጄን ታቅፌ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ማህሌት ለትምህርት ስትደርስ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት አጸደ ሕጻናት አስገባኋት። ግቢው ሰፊ ነው። መሬቱ ማሳ ከነበረበት ጊዜ የተረፈ አንድ ወይራ መሐሉ ላይ ነበር። ጎበጥ ያለ፣ ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ለሁለት የተከፈለ፣ መንታው የትልቅ ሰው ደረት ጋ የሚደርስ።

አስተማሪዋ አስቴር ትባላለች። ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏት። ከወላይታ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ገና ያላገባች ልጅ። ጴንጤ ናት፤ መዝሙር ከአፏ አይጠፋም። ቀሚሷን ሰብስባ ከልጆቹ ጋር መሬት ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ስልጠና ብላ ሄዳ ተመለሰችና ግቢውን ሌላ አደረገችው። አሮጌ የመኪና ጎማ ከጎሚስታ ለምና እያንከባለለች አመጣች። ሳንቃ በድንጋይ ላይ አጋድማ ልጆቹን አስኬደችበት። ዝናብ ሲያባራ ወደ ክፍል አትሰበስባቸውም፣ ጭቃው ውስጥ ቦይ ታስቆፍራቸዋለች። ወይራው ላይም መውጣት ጀመሩ።

ወላጅ አጉረመረመ። አንድ ጠዋት ጠራችንና ግቢው ውስጥ አቁማ አስረዳችን።

«እኔ ማንንም ልጅ ተሸክሜ ዛፍ ላይ አላወጣም» አለች። «ሰው ያወጣው ልጅ መውረጃውን አያውቅም። በራሱ የወጣ በራሱ ይወርዳል። ድንጋዩን ለቅመን ሥሩ ሰጋቱራ ነስንሰናል። እኔም ሥሩ ቆሜ ዓይኔን አልነቅልም። እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዛፍ ላይ ያለ ልጅ አይጠራም። ልባችሁ ቢወጣም አፋችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ኑ። የቀረውን ለእኔ ተዉት።»

አንድ አባት ከኋላ፣ «ቲቸር፣ እኛ ለኤቢሲዲ ብለን ልከን አንቺ ዝንጀሮ ልታደርጊልን ነው?» አለ። ሰው ሳቀ።

«ዝንጀሮ ሲወድቅ አይተው ያውቃሉ?» አለች፤ ሰው የባሰ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ሳቁ ቆመ። «አልወለድኩም፣ የማሂ እናት» አለች።

«ታዲያ ምን ታውቂና ነው?»

ፊቷ ቀላ። ሰው ሲበተን ግን አጠገቤ መጣች። «አንድ ቀን ይምጡና ከእኔ ጋር ሥሩ ይቁሙ። አብረን እንያት። ከፈሩም አብረን እንፍራ» አለችኝ። መጣሁ አላልኩም፣ ቀረሁ አላልኩም። አልሄድኩም። ብሄድ ኖሮስ? አንድ ቀን ጉሊቴን ዘግቼ አጠገቧ ብቆም ምን ይጎድልብኝ ነበር?

በምትኩ ምን አደረግኩ? ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ «ያ ወይራ ላይ ጭራቅ አለ። የወጣ ልጅ ይበላል» አልኳት። በማግሥቱ ማህሌት ዛፉን ስታይ እየጮኸች የአስቴር ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች አሉ። አስቴር አልተቆጣቻትም። ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ በጣሳ ውሃ ታጠጣው፣ ከዚያ ቅርፊቱን ትዳብሰው፣ ከዚያ ተደግፋው ትብላ እያለች አለማመደቻት። በር ላይ ስታገኘኝ፣ «የማሂ እናት፣ ጭራቅ አለ ብሎ የነገራት ማን ይሆን?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ፣ ሰፈር ሰምታ ይሆናል» አልኩ። ውሸት እንደዚህ ነው የጀመረኝ፣ በትንሹ።

ልጄ እየተለወጠች መጣች። ጭቃ በጭቃ ሆና ትገባለች፣ ሳልለምናት ትበላለች፣ እንቅልፏ ጥሩ ሆነ። «እማዬ፣ ዛሬ ጎማውን ብቻዬን አንከባለልኩት!» ትለኛለች ዓይኗ እያበራ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ግን ቀናሁ። ቃሉ ይሄው ነው። ልጄ ያለ እኔ መደሰቷ አመመኝ። ፍርሃት ብዬ ከምጠራው ውስጥ ግማሹ ይሄ ነበር።

ያን ቀን ጉሊት ተቀምጬ ሳለ አንድ ገልባጭ ወደ ኋላ ሲል የጎረቤቴን ጃንጥላ ጨፈለቀው። እሷ ተነስታ ስለነበር አልተነካችም። የኔ ልብ ግን ቦታውን ለቀቀ። ሽንኩርቴን እዚያው ትቼ ወደ ልጄ ሮጥኩ። ምን አገናኘው? ገልባጩ ያለው አስፋልት ላይ፣ ልጄ ያለችው አጥር ውስጥ። ፍርሃት ግን ይሄን አይጠይቅም።

ዘበኛው ከፍቶልኝ ወደ ራዲዮው ተመለሰ። ግቢ ስገባ ሌሎቹ ልጆች ምሳ ሊበሉ ክፍል ገብተዋል፤ ማህሌት ግን የወይራው መንታ ላይ ናት። አረንጓዴ ሹራቧን አያለሁ። ቅርንጫፉን በሁለት እጇ አቅፋዋለች። አስቴር ሥሯ ቆማ፣ እጇን ዘርግታ፣ ግን ሳትነካት፣ በለሆሳስ ታናግራታለች። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ማሂ፣ ግራ እግርሽ የት ነው ያለው?»

«ጉጡ ላይ።»

«ቀጥሎስ የት ይሄዳል?»

«ቆይ ቲቸር፣ እያሰብኩ ነው።»

እያሰብኩ ነው አለች። አምስት ዓመቷ ነበር።

አስቴር ቀና ስትል አየችኝ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ ሌላኛውን መዳፏን «ቆይ» ብላ ዘረጋችልኝ። አላየሁም ብላችሁ እዋሻለሁ። አይቻለሁ። ትርጉሙንም አውቄዋለሁ። አውቄ፣ «ማህሌት!» ብዬ ጮህኩ።

አሁን የምነግራችሁን ነው ለማንም ያልተናገርኩት። ስሟን ስጠራ ልጄ እጇን አልለቀቀችም። ደነገጠች፣ ቅርንጫፉን ይበልጥ ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። እዚያ ብቆም ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር። አልቆምኩም። ሮጬ ሄጄ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ፣ ወደ ራሴ ሳብኩ። «እማዬ ተይ!» አለችኝ። ሳብኩ። አስቴር ከሥር ልትቀበላት ስትል በክርኔ ገፋኋት። ልጄ ከእኔም ከአስቴርም እጅ አልፋ የዛፉ ሥር ላይ በክንዷ ወደቀች። ሲሰበር ሰማሁት። የጣልኳት እኔ ነኝ። ይዣት ነበር አልልም፣ ልይዛት ነበር አልልም። ስቤ ጣልኳት።

አስቴር ካርቶን ቀድዳ ክንዷን ሳታነቃንቅ በሻርፗ አሰረችላት። «ጤና ጣቢያ እንውሰዳት፣ አብሬ ልሂድ» አለች።

«እጅሽን ከልጄ ላይ አንሺ!» አልኳት። ልጄን አቅፌ ወጣሁ። ጤና ጣቢያም አልሄድኩም። ለምን? እዚያ «እንዴት ወደቀች?» ተብሎ ይጠየቃላ! አንድ የአገሬ ሰው ወጌሻ ነበር፣ እሱ ጋ ወሰድኳት። እሱ አስቴር ያሰረችውን ፈትቶ እያሸ ሳበው፣ መልሶ አሰረው። ሲያብጥ፣ ሲጠቁር ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። ሐኪሙ «ዘገየሽ» አለኝ። ያ ክንድ እስከ ዛሬ ተዘርግቶ አያልቅም።

ወጌሻው ደጅ የነበሩ ሴቶች፣ «ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«ከዛፍ ወድቃ።»

«ኧረ በስመአብ! ደሞ ዛፍ ላይ ምን አወጣት?»

«አስተማሪዋ ናታ።»

አያችሁ? እያንዳንዷ ቃል ለብቻዋ ስትታይ ይሄን ያህል ውሸት አትመስልም። ሰፈሬ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፣ አድጎም ነበር። «አስተማሪዋ አውጥታ ጣለቻት» ተብሎ። አላስተባበልኩም። ሰው እያዘነልኝ ሲመጣ፣ ብርቱካንና ሙዝ ሲያመጣልኝ፣ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ከእኔና ከአስቴር ሌላ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሷም ልጄ። ክንዷ ታስሮ ተኝታ፣ «እማዬ፣ እግሬን ስትስቢኝ እኮ ነው» አለችኝ። ቁጣ የለባትም። መናገሯ ብቻ ነው።

«ዝም በይ። እኔ ልይዝሽ ነው የመጣሁት። ያወጣችሽ ቲቸር ናት፣ የለቀቀችሽ ቲቸር ናት። ማን ናት?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማን ናት፣ ማሂ?»

«ቲቸር።»

አጥሚት እያጠጣኋት፣ ፀጉሯን እየሠራሁ፣ ልብሷን እየቀየርኩ አስጠናኋት። ፊደል ሳላስቆጥራት ውሸት አስቆጠርኳት። መጀመሪያ ላይ ስትለው ዓይኗን ትሰብር ነበር። እየቆየ መስበሩንም ተወችው።

ወላጆች ተሰበሰቡ። የተሰበሰብነው የልጆቹ ክፍል ውስጥ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች በልጅ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ በላቸው የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። እሷንም እኔንም ካናገሩን በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሁለታችሁ ሁለት ነገር ትላላችሁ» አሉ። «እኛ እዚያ አልነበርንም። እግዜር ግን ነበር። ማሉና ይለይ።»

ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ጉሊት አጠገቤ ቃሪያ የምትሸጥ አንዲት ጴንጤ አለች። «ሙች በይ» ስንላት «አልልም» እያለች ዓመት ሙሉ ስትስቅብን ኖራለች። እነሱ እንደማይምሉ አውቃለሁ። አስቴርም እንደማትምል አውቅ ነበር። ጋሽ በላቸው «ማሉ» ሲሉ ደረቴን ቅልል ያለኝ ለዚህ ነው። ተነስቼ ቆምኩ።

«ይቺን ልጅ የሰጠችኝ እመቤቴ ትመስክር» አልኩ። «እግሯን ነክቼ ከሆነ፣ ልጄን ይንሳኝ!»

አንዲት ሴት አለቀሰች። ጋሽ በላቸው ወደ አስቴር ዞሩ።

«አልምልም» አለች።

«እንዴት አትምይም?»

«ጌታ አትማሉ ብሏል ጋሽ በላቸው። አዎ ካልኩ አዎ ነው። እናቷ ደንግጣ እግሯን ሳበቻት። ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እኔም ገፍታኝም ቢሆን ልቀልባት ይገባኝ ነበር። በዚህ ጥፋተኛ በሉኝ።»

«እውነቷን ከሆነ መማል ምን ያስፈራታል?» አለ አንዱ።

«እናት በአንድ ልጇ ትምላለች እንዴ ውሸቷን ከሆነ?»

«ተዋት፣ ሲጨንቃት ጥቅስ ታወጣለች!»

ሰው ሳቀ። እሷ ተቀመጠች። እዚያ ትንሽ ወንበር ላይ እጇን ጭኗ መሐል አድርጋ ስትቀመጥ አየኋት። እውነት የተናገረችው አልማለችም፣ የዋሸሁት ምያለሁ፣ ሰዉም መሃላውን አመነ። ሰዉን አልወቅስም። በእኛ ዘንድ በልጅ የማለ ይታመናል። ይሄን ስለማውቅ ነው የማልኩት።

አስቴርን ከሥራ አስወጧት። እቃዋን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። ዓይኗ አብጧል። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር መሰለኝ፤ አላዘነችልኝም። «እኔ ሌላ ሥራ አገኛለሁ። እሷ ሌላ እናት አታገኝም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፣ ሆኖም አፏን ለመምታት እጄን አንስቼ ነበር። ይሄንንም ቁጠሩብኝ።

ወይራው ተቆረጠ። ጎማው ተጣለ፣ ሳንቃው ለማገዶ ሄደ፣ ግቢው ሲሚንቶ ተደረገ። አዴ ጫልቱ ሊያዩ መጥተው ጉቶው አጠገብ ብዙ ቆሙ። «የአባቴ ማሳ ላይ ነበር። እኔም ከሱ ወድቄያለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንቁላል ብለው አልቀለዱብኝም። ምንም አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸውን እፈራዋለሁ።

እኔ ከዚያ ወዲህ በመሃላዬ ስር ነው የኖርኩት። ልጄን ትኩሳት ሲነካት «መጣ» እላለሁ። ስታስል «መጣ» እላለሁ። ከዓይኔ ስትርቅ ስሟን እየጠራሁ እወጣለሁ። ጠበል ወሰድኳት፣ አስቀደስኩ፣ ስለት ሰጠሁ፣ እውነቱን ብቻ አልተናገርኩም። ከድሮውም የባሰ ጠበቅኳት። ይሄው ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ የሌላ ልጅ ጨዋታ ታያለች። ደረጃ ስትወርድ ብረቱን በሁለት እጇ ትይዛለች። መንገድ ላይ ትንሽ ውሃ ካቆረ፣ «እማዬ፣ ልሻገር?» ትለኛለች። ልጄን ይንሳኝ ብዬ ነበር። አልሞተችብኝም፣ ተመስገን። ግን ያቺ «እያሰብኩ ነው» ያለችው የታለች?

አስቴርን አንድ ጊዜ ፈልጌያታለሁ። ጎፋ አንድ የሕጻናት ማቆያ ውስጥ ታየች አሉኝ። በታክሲ ሄድኩ፣ በሩ ጋ ደረስኩ። ውስጥ ልጆች ይጫጫሉ። አንዲት ሴት ስትስቅ ሰማሁ፣ እሷ ትሁን ሌላ አላወቅኩም። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

በቅርቡ ያ አጸደ ሕጻናት አዲስ ወጣት አስተማሪ መጣችለት። እሷም ስልጠና ወስዳለች። ጎማውን ልመልስ፣ ሳንቃውን ላጋድም፣ ልጆቹ ይውጡ ይውረዱ ብትል ወላጅ ተነሳባት። «የማህሌትን ረሳችሁ?» ይባባላሉ። ልጅቷ እኔኑ ፈልጋ ጉሊቴ ድረስ መጣች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

«ማዘር፣ የእርስዎን ልጅ እየጠቀሱብኝ ነው። እንዴት እንደወደቀች ቢነግሩኝ? እንዳይደገም እኮ ነው። መምህርቷ የት ቆማ ነበር?»

የት እንደቆመች ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሥሯ ነበረች፣ እጇን ዘርግታ። ሽንኩርቴን አገላበጥኩ። «ተይው ልጄ፣ የቆየ ነገር ነው» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ልጅ የምታስተምሩ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁት፣ ያን ቀን ግቢው ውስጥ አደጋው ዛፉ አልነበረም። ልጄ መውጫዋንም መውረጃዋንም እያወቀች ነበር። አስተማሪዋም ሥራዋን እየሠራች ነበር። አደጋው በበር ነው የገባው፣ እኔ ነኝ። እንደኔ ያለች እናት ስትመጣባችሁ በር ላይ አስቁሟት፣ እጇን ያዙላት። አስቴር ብቻዋን ስለነበረች እኔንም ልጄንም መያዝ አልቻለችም።

አዲሷ አስተማሪ ከሄደች በኋላ አላስቻለኝም። ቤት ገባሁ። ማህሌት አተር እየፈለፈለች ነበር፣ ሳህኑን በዚያ በተሰበረው ክንዷ ደግፋ።

«ማሂ» አልኳት፣ «ከዛፉ የጣልኩሽ እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። «አንቺማ ልትይዢኝ ነው የመጣሽው።»

«አይደለም። ቅርንጫፉን ይዘሽ ነበር። እግርሽን ስቤ አስለቀቅኩሽ። ቲቸር ምንም አላደረገችሽም።»

«እማዬ ደሞ! አስታውሳለሁ እኮ። ወደ ላይ አውጥታኝ እጇን ለቀቀችኝ። ስትስቅ ነበር።»

ስትስቅ ነበር አለች። ይሄን እኔ አላስተማርኳትም። እኔ የሰጠኋት «ለቀቀችሽ» የሚለውን ብቻ ነው። ሳቁን እሷ ናት የጨመረችው፣ ውስጧ አድጎ። ጭራቅ ያባረረችላትን ሴት ልጄ ውስጥ ጭራቅ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳት።

«ማሂ፣ ስሚኝ፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ» ብዬ ለመንኳት። አለቀስኩ። እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን ለሌላ ነገር።

«ለምን ለሷ ትዋሺላታለሽ?» አለችኝ።

ምን ብዬ ላሳምናት? ልማልላት?

ሳህኑን አስቀምጣ መጣችና አቀፈችኝ። ያ ክንዷ አልዘረጋ ብሎ አንገቴ ላይ ቆልመም ብሎ ቀረ። «አይዞሽ እማዬ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም» አለችኝ፣ ጀርባዬን እየደባበሰች።

የአዲሷን አስተማሪ ነገር ሊያዩ ወላጆቹ ሊሰበሰቡ ነው። ሄጄ እናገራለሁ። ምናልባት ልጄ ራሷ «እናቴ ተሳስታ ነው» ትል ይሆናል፣ ምናልባት ሰዉ እሷን ያምን ይሆናል። ቢያምናትም እናገራለሁ። አስቴር ስሟ ባይመለስላት እንኳ እኔ አፌ ውስጥ ይዤው አልሞትም። ይቅር በሉኝ ብዬ ግን አልጽፍም። ፈርታ ነው፣ እናት ናት፣ ልጅ አጥታ ታውቃለች እንዳትሉልኝ። ይሄን ሁሉ ለራሴ ስለው ኖሬያለሁ። ልጄ ጥፋት የለብሽም አለችኝ። እናንተ አትበሉኝ።